«ቬጅ» ሁሉ ጾም አይደለም፦ ሕንድ አገር በትንሽ ምግብ ቤት ለሚበሉ የሰሜን ሸዋ ሰዎች

ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋሮቢት ወይም ከአረርቲ ተነስቶ ለሕክምና ወይም ለትምህርት ዴልሂ፣ ቼናይ፣ ባንጋሎር ወይም ሃይደራባድ የሚገባ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚቸገረው በምግብ ነው። ብዙው ሰው ያረፈበት ሆቴል ውስጥ ዳቦና የድንች ጥብስ እየበላ ለመድኃኒት የያዘውን ብር ይጨርሳል። መንገዱን ተሻግሮ ያለው፣ የብረት ሳህን የሚንቃጨልበት ትንሽ ምግብ ቤት ግን በብዙ ይረክሳል፤ የሚሠራበትም ነገር ከጓዳችን አይርቅም። ምስር ነው፣ ሽምብራ ነው፣ ድንችና ጎመን ነው፤ ቅመሙም እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላልና ከሙን ነው። የሚለየው ቅባቱና የአበላሉ ሥርዓት ነው። በተለይ ለሚጾም ሰው ዋናው ጥያቄ ቅባቱ ስለሆነ እዚያ ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን።

ቤቱን ሲመርጡ

ሰሌዳው እንዳያሳስትዎ። በደቡብ ሕንድ «ሆቴል» የሚል የተጻፈበት ቤት ብዙ ጊዜ አልጋ የለውም፤ ምግብ ቤት ነው። (የእኛም የቀድሞ ሰዎች ሻይ ቤቱን ሳይቀር ሆቴል ይሉት የለ?) ባንጋሎር ውስጥ «ሚሊታሪ ሆቴል» ካዩ ሥጋ የሚሠራበት ቤት ነው፤ ወታደር ብቻ የሚገባበት አይምሰልዎት። «ቬጅ» የሚሉት ሥጋ የሌለበትን ምግብ ነው፤ «ፒዩር ቬጅ» ማለት ደግሞ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል ወጥ ቤቱ ውስጥ ጭራሽ አይገባም ማለት ነው።

ጥሩው ትንሽ ቤት በሕዝቡ ይታወቃል። የባጃጅ ሾፌሮች (እነሱ «አውቶ» ነው የሚሉት) እና የሆስፒታል ሠራተኞች በምሳ ሰዓት የሚጋፉበት ቤት ወጡ አያድርም። ምጣዱ ከበር ላይ የሚታይ፣ የምግብ ዝርዝሩም ግድግዳ ላይ የተጻፈና አጭር ቢሆን ይመረጣል። አሥር ገጽ ዝርዝር ይዞ የቻይናም የጣሊያንም አለኝ የሚል ጠባብ ቤት ግን ከማቀዝቀዣ እያወጣ የሚያሞቅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አንዳንዱ ቤት ሁለት ክፍል አለው፤ «ኤሲ» የተባለው፣ ቀዝቃዛ አየር ያለው ክፍል ውስጥ ከተቀመጡ ያው ምግብ ዋጋው ከፍ ይላል። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወጥቶ የቼናይ ሙቀት ላይ ያረፈ ሰው ግን ጭማሪውን ቢከፍል አይፈረድበትም።

ሰዓቱ

የሕንድ ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል፤ አቆጣጠሩም ከእኩለ ሌሊት ነው። በሩ ላይ «ምሳ ከ12 እስከ 3» የሚል ካዩ በእኛ አነጋገር ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ማለት ነው። እራት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ግድም ይጀምራል፤ ቤቱ የሚሞላው ግን ሁለትና ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ችግር የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። ልክ እርስዎ ሊበሉ ሲመጡ ወጥ ቤቱ የምሳ ድስቱን እያጠበ ይሆናል። ከዘጠኝ እስከ አንድ ሰዓት ሩዝና ወጡ ይቀርና «ቲፊን» የሚሉት ቀላል ምግብ ብቻ ይኖራል፤ እሱም በደቡብ ዶሳና ኢድሊ (ከቦካ የሩዝ ሊጥ የሚሠሩ፣ ከታች የምናያቸው)፣ በሰሜን ሳሞሳ (የእኛው ሳምቡሳ) ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንድም ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሄደው «ፓርሴል» ብለው ያዛሉ፤ ጠቅልለው ይሰጡዎታል፣ ዘጠኝ ሲሞላ ቤትዎ ይበላሉ። አለዚያም በቲፊኑ ይጾሙበታል፤ ዶሳው ለዚህ ከሩዙ ይሻላል።

ጾም፦ ስሙን ትተው ነገሩን ይዘርዝሩ

ሕንድ ውስጥ ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤና አይብ «ቬጅ» ናቸው። በታሸገ ምግብ ላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብም የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ወተት የገባበት ብስኩትም አረንጓዴ ነጥብ አለበት። ረቡዕና ዓርብ «ቬጅ ነው» በሚል ልብ ብቻ ያዘዘ ሰው የሚገድፈው በዚህ ምክንያት ነው።

«ጾም ላይ ነኝ» ማለትም አያዋጣም፤ እንዲያውም ያባብሳል። ሂንዱዎችም ይጾማሉ፤ ብዙዎቹ በጾማቸው እህሉን፣ ጥራጥሬውን፣ ሽንኩርቱንና ነጭ ሽንኩርቱን ትተው ድንች፣ ፍራፍሬ፣ ወተትና እርጎ ይበላሉ። ስለዚህ ዴልሂ ላይ ለአስተናጋጁ ጾም መሆንዎን ቢነግሩት ያከበረዎ መስሎት ምስሩን ያስቀርና እርጎ ይዞ ይመጣል። «ጄይን» (የአንድ የሕንድ ሃይማኖት ተከታዮች ምግብ) የሚለውም አይረዳም፤ ሽንኩርትና ድንቹ ይወጣል፣ ወተቱ ይቀራል።

ስለዚህ የማይበሉትን አንድ በአንድ ይጥሩ፦ «ኖ ጊ፣ ኖ በተር፣ ኖ ሚልክ፣ ኖ ከርድ፣ ኖ ፓኒር፣ ኦይል ኦኬ»። ጊ ቅቤ፣ ፓኒር አይብ ነው፤ ከርድ የሚሉት እርጎውን ነው፤ «ዮገርት» ቢሉ ላይገባው ይችላል። ሰሜን ሕንድ ከሆኑ «ጊ ናሂ፣ ቴል ሜ ባናይዬ» ይበሉ፤ ቅቤ አይግባ፣ በዘይት ሥሩልኝ ማለት ነው። ይህን በወረቀት በሂንዲ ወይም በታሚል አስጽፎ መያዝ የበለጠ ያስተማምናል፤ የሆስፒታሉ አስተርጓሚ በአንድ ደቂቃ ይጽፈዋል።

ጊ የሚሉት የነጠረ ቅቤ ነው። እንደኛ ኮረሪማና ኮሰረት አይገባበትም፤ ስለዚህ በቅመም ጠረን ቅቤ መለየት የለመደ አፍንጫ እዚህ አይሠራም። ያለው አማራጭ የሚገባበትን ቦታ ማወቅ ነው። ትንሹ ቤት ምስሩን ጠዋት በእርድና በጨው ቀቅሎ በትልቅ ድስት ያስቀምጣል። እርስዎ ሲያዙ በትንሽ መጥበሻ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ በርበሬ በቅባት ያንጫጫና ምስሩ ላይ ይደፋዋል፤ ይህ «ታድካ» ይባላል። ቅቤው የሚገባው በዚች የመጨረሻ ደቂቃ ነው፤ የሚሠራውም ለእርስዎ ብቻ ስለሆነ በዘይት አድርግልኝ ቢሉት ምንም አይከብደው። ቂጣውም እንዲሁ ነው፤ ሊጡ ዱቄት፣ ውሃና ጨው ሆኖ ሳለ ከእሳት ሲወጣ ላዩን ቅቤ ይቀቡታል። «ፕሌይን ሮቲ፣ ኖ በተር» ካሉ ደረቁን ያመጣል።

ከጠዋት ጀምሮ ቅቤና ክሬም ገብቶበት የተሠራውን ግን ማንም አያወጣልዎትም። «ማካኒ»፣ «ማላይ»፣ «ሻሂ»፣ «ኮርማ» የሚል ስም ያለበትን ሁሉ ይለፉት። ፓኒር አይብ ነው፤ ራይታና ላሲ እርጎ ናቸው። ናን የሚሉት ወፍራም ዳቦ ሊጡ ውስጥ ብዙ ጊዜ እርጎ ወይም ወተት አለ፤ ከላይ ቅቤ አይቀባ ቢሉም አይጾምም። ቢሪያኒም አትክልት ብቻ ቢሆን እንኳ እርጎና ጊ አያጣውም። ከሁሉ የሚያሳስተው ደግሞ «ካዲ» ነው። ቢጫ ነው፣ ወፈር ያለ ነው፣ የሽምብራ ዱቄት ነው፤ ያየው ሰው ሁሉ ሽሮ ነው ይላል። የተበጠበጠው ግን በእርጎ ነው።

በዘይት ተሠርተው በደህና የሚጾሙት፦ ቾሌ ወይም ቻና ማሳላ (የሽምብራ ወጥ ነው፤ ሽምብራው እንደ ምንጃሩ ትንሹ ቡኒ ሳይሆን ትልቁ ነጩ ነው)፣ ራጅማ (ቀይ ቦሎቄ)፣ አሉ ጎቢ (ድንችና አበባ ጎመን)፣ አሉ ማታር (ድንችና አተር)፣ ቢንዲ (ባሚያ)። እነዚህንም ሲያዙ ያንኑ ዝርዝር ይድገሙት፤ አንዳንድ ወጥ ሠሪ ለማሳመር መጨረሻ ላይ ቅቤ ጣል ያደርጋል።

ዶሳና ኢድሊ

ደቡብ ሕንድ ለጾመኛ ከሰሜኑ ይቀላል። ዶሳ ሩዝና ጥቁር ማሾ የሚመስል «ኡራድ» የሚባል ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ አድሮ ከቦካ ሊጥ ይጋገራል፤ ኮምጠጥ ማለቱ እንጀራን ያስታውሳል። አጋገሩ ግን ግልባጭ ነው። እኛ ከምጣዱ ዳር ጀምረን ወደ መሀል እናዞራለን፤ እነሱ ሊጡን መሀል ላይ ጠብ አድርገው በጭልፋው ጀርባ እያዞሩ ወደ ዳር ይገፉታል። አክንባሎም አይደፉበትም። ስለዚህ ዓይን አያወጣም፤ ስስና ኩርሽም የሚል ሆኖ ይነሳል። «ፕሌይን ዶሳ» ባዶው ነው፤ «ማሳላ ዶሳ» ውስጡ በእርድ የተሠራ ድንች አለበት። «ጊ ሮስት» ካለ ቅቤ ነው፤ ባንጋሎር ላይ «ቤኔ ዶሳ» ካለም ቅቤ ነው። ዘይት ብቻ ይበሉትና ሲጋግር ይዩት።

ኢድሊ ያው ዓይነት ሊጥ በእንፋሎት የበሰለ፣ የጡጫ ያህል ነጭ ዳቦ ነው፤ ዘይትም የለበት፣ ወተትም የለበት። አንድ ሳህን ሁለት ወይም ሦስት ይዞ ይመጣል። ብቻውን ስለማይጥም ሳምባር ውስጥ እየነከሩ ይበሉታል፤ ሳምባር ቀጠን ያለ ኮምጣጣ የክክ መረቅ ነው። አብሮ የሚመጣው ነጭ ቻትኒ (ማባያ) የኮኮናት ነው፤ አንዳንድ ቤት እርጎ ይጨምርበታልና መጠየቅ አይከፋም። ጠዋት «ኡፕማ» ካገኙ የስንዴ ቅንጬ ነው ብለው ይውሰዱት፤ ቅቤውን ብቻ ይጠይቁ።

ሥጋ

የሥጋ ቤቶቹ «ኖን ቬጅ» ይባላሉ። «መተን» በአብዛኛው የፍየል ሥጋ ነው። የበሬ ሥጋ በብዙዎቹ ግዛቶች በሕግ የተከለከለ ነውና አይጠይቁ። ሐላል የሚፈልግ የይፋት ሰው ሰሌዳው ላይ ሐላል የሚል መጻፉን ያያል፤ ከሌለም ይጠይቃል። የባራኪው ነገር የሚያሳስበው ክርስቲያን ደግሞ ፒዩር ቬጅ ቤት ቢገባ ጥያቄው ከነጭራሹ አይነሳም።

አስተናጋጁን መጥራትና ማዘዝ

ማጨብጨብ የለም። በሰሜን ሕንድ «ባያ» ይላሉ፣ ወንድሜ ማለት ነው። በደቡብ «አና» ይባላል፤ ታላቅ ወንድም ነው፣ ልክ የእኛ «ጋሼ»። ጠና ያለች ሴት ካስተናገደችዎ ደቡብ ላይ «አማ» ይበሏት፤ ፊቷ ይፈታል። ያዘዙትን ሲሰማ ራሱን ወደ ግራና ቀኝ ቢያወዛውዝ እንቢ ማለቱ አይደለም፤ እሺ ነው። እርስዎም አዎ ለማለት እንደ አገር ቤት ትንፋሽ ሳብ ቢያደርጉ የደነገጡ ይመስለዋል እንጂ አይገባውም፤ «የስ» ይበሉ።

በባንጋሎርና በሌሎች የደቡብ ከተሞች ብዙ ትንንሽ ቤት መጀመሪያ በር ላይ ይከፈላል። ገንዘብ ያዡ ቁራጭ ወረቀት ይሰጥዎታል፤ እሱን ለወጥ ቤቱ መስኮት ሰጥተው ምግብዎን ራስዎ ይቀበላሉ። ይህን ሳያውቁ ወንበር ላይ ቢቀመጡ ግማሽ ሰዓት ማንም ዞር ብሎ አያይዎትም።

ለአንድ ሰው የሚበጀው «ታሊ» ነው፤ በደቡብ «ሚልስ» ይባላል። በአንድ ትልቅ የብረት ትሪ ላይ ሩዝ፣ ቂጣ፣ ምስር፣ ሁለት ዓይነት አትክልት፣ አቻር፣ እርጎና ጣፋጭ በትንንሽ ስኒ ይመጣል። በጾም ቀን እርጎውንና ጣፋጩን ገና ሳይቀርብ ያስቀሩ። «አንሊሚትድ» ከተባለ እየዞሩ ይጨምሩልዎታል፤ ዝም ካሉ አይቆሙም። ሲበቃዎ መዳፍዎን ሳህኑ ላይ ከደን አድርገው «ባስ» ይበሉ። እንደ እኛ ቤት «ኧረ በቃኝ» ተብሎ ተለምኖ መብላት የለም፤ አንድ ጊዜ በቃኝ ካሉ ይሄዳል።

ሦስት ሆነው በዝርዝር ካዘዙ አንድ ምስር፣ አንድ ሽምብራ፣ አንድ ደረቅ አትክልት፣ አንድ ሩዝና ከስምንት እስከ አሥር ሮቲ ይበቃል። ሮቲውን ግን ሁሉንም ባንድ ጊዜ አይዘዙ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንደ ቆዳ ይደርቃል። መጀመሪያ በነፍስ ወከፍ ሁለት፣ ከዚያ ሲያልቅ ትኩሱን። ሰሜን ላይ «ሃፍ» እና «ፉል» ብለው ይጠይቁዎታል፤ ለአንድ ሰው ሃፍ ይበቃዋል።

አበላሉ

በቀኝ እጅ መብላት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ሮቲው ላይ አይቸገሩም። ቂጣውን በሁለት እጅ መቦጨቅ ነውር ባይሆንም የለመዱት በአንድ እጅ ነው፦ በቀለበት ጣት ይጫኑታል፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይቆርሱታል። የሚያስቸግረው ሩዙ ነው። ደረቁን ሩዝ በጣት ለማንሳት መሞከር ደረት ላይ መበተን ነው። ከሳህኑ ጥግ አንድ እፍኝ ያህል ለይተው ምስሩን ያፍስሱበትና እስኪያያዝ ያሹት። በአራቱ ጣቶች ጫፍ ሰብስበው ያንሱ፤ አፍ ሲደርስ በአውራ ጣት ጥፍር በኩል ወደ ፊት ይግፉት። መዳፍ ውስጥ አይገባም። ካልሆነልዎ ማንኪያ ይጠይቁ፤ ማንም አይታዘብዎትም።

ጉርሻ ግን እዚያ አይሠራም። አፍ የነካ እጅ የነካው ምግብ ለሌላ ሰው እንደማይሆን ብዙዎች ያምናሉ፤ ስለዚህ አብሮዎት የተቀመጠ ሕንዳዊ ቢኖር ከሳህንዎ ቆርሰው አይስጡት። ከጋራው ሳህን የሚቀዳው በማንኪያ ነው፤ ቀኝዎ ተነክሯልና በግራ እጅ ቢጨልፉ ነውር የለበትም። የጋራውን የብረት ጆግ የሚጠጡበት ሰዎችም ከንፈር ሳያስነኩ ከላይ ወደ አፋቸው ያንቆረቁራሉ።

አቻር ማለት በጨውና በዘይት የተዘፈዘፈ ማንጎ ወይም ሎሚ ነው። ዳጣ መስሎት በጉርሻ ልክ ያነሳ ሰው ዓይኑ ያለቅሳል፤ የሚወሰደው የጣት ጫፍ ያህል ነው። የበርበሬው ማቃጠል ለእኛ ሰው ያን ያህል አይደለም፤ በደቡብ ያለው የአንድራ ግዛት ምግብና አረንጓዴው ትንሽ ቃሪያ ግን ሚጥሚጣ ለለመደም ይበረታል። ወጡ ውስጥ ቅጠል፣ የቀረፋ ልጥ፣ ቅርንፉድና ሄል ከነቅርፊቱ ይመጣል፤ እየለዩ ወደ ሳህኑ ዳር ነው። እናትዎን ወይም አክስትዎን ይዘው ከሄዱ «እትዬ፣ ይቺን ቅጠል አይብሏት» ብሎ ቀድሞ መንገር ይሻላል፤ ቅርንፉድ የነከሰ ታማሚ ቀኑን ሙሉ ምግብ ይጠላል።

ለታማሚ

ሐኪሙ ቀለል ያለ ምግብ ይብላ ካለ «ኪችዲ» ይዘዙ። ሩዝና የተከካ ማሾ አብሮ ተቀቅሎ የላመ ነው፤ እነሱም ሆድ ለታመመ ሰው የሚሰጡት ይህንን ነው። ማሾው ከሸዋሮቢትና ከቀወት የሚጫነው ዓይነት ነው፤ የቆላው ሰው አምርቶ ሸጦ ነው እንጂ ብዙም ሲበላው አይታይም፣ እዚያ ግን የዕለት ቀለብ ነው። «ኖ ጊ፣ ኖ ቺሊ፣ ሌስ ሶልት» ይበሉ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ መጠኑን ሐኪሙ ይወስናል።

ውሃ የታሸገውን ብቻ ይጠጡ፤ ክዳኑ ሲከፈት ጠቅ ማለቱን ይስሙ። ጠርሙሱ ላይ «ኤምአርፒ» ተብሎ የመጨረሻው ዋጋ ታትሟል። ጥሬ ሽንኩርትና ዱባ መሳይ ኪያር ቆርጠው በነፃ ያቀርባሉ፤ ለታማሚው ይቅርበት፤ የታጠበበትን ውሃ አያውቁትም። መንገድ ላይ በውሃ ተሞልቶ የሚሸጠውን «ፓኒ ፑሪ»ም እንዲሁ። የሚያቃጥል ትኩስ ሆኖ የቀረበ ምግብ ሆድ የማስቸገር ዕድሉ ያነሰ ነው፤ ይበልጥ የሚያሰጋው ለብ ያለው ነው።

ሻይ ካሉ በወተት የፈላና ስኳሩ የበዛ ነው የሚመጣው። በጾም «ብላክ ቲ» ወይም «ሌመን ቲ» ይበሉ። የደቡቡ ቡናም ያለ ወተት አይቀርብም፤ ቺኮሪ የሚባል ሥር ይቀላቀልበታልና የአገር ቤቱን ቡና አይጠብቁ።

ሲጨርሱ

ሎሚ ጣል ያለበት ለብ ያለ ውሃ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ቢያመጡልዎ የሚጠጣ አይደለም፤ ጣት መታጠቢያ ነው። በሙዝ ቅጠል ላይ ከበሉ የላይኛውን ግማሽ ወደ ራስዎ አጥፈው ይተዉት። ወደ ውጭ ማጠፍ የለቅሶ ቤት ነው ይላሉ።

ሒሳቡ ላይ «ጂኤስቲ» የሚል 5 በመቶ ቢታከል ትክክለኛ ግብር ነው፤ ብዙ ጊዜ 2.5 እና 2.5 ሆኖ በሁለት መስመር ይጻፋል። «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚል ካለ ግን ግዴታ አይደለም፤ አስወግዱልኝ ማለት ይችላሉ። ሕንዶቹ ስልካቸውን ወደ አራት ማዕዘኑ ኮድ አስጠግተው ነው የሚከፍሉት፤ የእርስዎ ስልክ ያንን አይሠራምና ዝርዝር ሩፒ ይያዙ። ጠዋት 500 ሩፒ ይዞ ለሻይ የሚመጣ ሰው አይወደድም። ገንዘቡን በቀኝ እጅ ይስጡ። ለአስተናጋጁ ቲፕ መስጠት አይጠበቅብዎትም፤ የዝርዝሩን መልስ ቢተዉለት ደስ ይለዋል።

ገንዘብ ያዡ አጠገብ በትንሽ ሳህን አረንጓዴ ፍሬ ከስኳር ጋር ተቀላቅሎ ያያሉ። እንስላል ነው፣ አረቄ ውስጥ የምናውቀው። በማንኪያው ወደ ቀኝ መዳፍዎ ጨልፈው እያኘኩ ይውጡ።